አራት ተኩል ማርሽ

በከሚሴና በጨፋ ሮቢት መካከል ባለው አስፋልት ላይ ከእኛ መኪና የበለጠ ወደ ኋላ የተነዳ መኪና ካለ፣ ባለቤቱ ይምጣና እጁን ልጨብጠው። አባቴ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መሪው ለእኔ ተላልፏል፤ ሥልጣኑ ግን ፊት ወንበር ላይ ከነጋቢው እንደተቀመጠ አለ። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ያዛል። ከትእዛዞቹ ሁሉ የሚወዳት አንዲት ነበረች፤ "ወደ ኋላ በይ" የምትለዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሄዳል። እኔ ተጠንቅቄ፣ አቧራ ሳላስነሳ አልፈዋለሁ። አባቴ በጎን መስታወት ያየዋል። መድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያቃተው ዓይን ሽማግሌ ለመለየት ሲሆን ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። "ወደ ኋላ በይ። ሰው በእግሩ እየሄደ አልፈሽው ልትሄጂ ነው? የማን ልጅ ናት ቢሉ ምን ልል ነው?" ይላል። ወደ ኋላ እላለሁ። መስኮቱ ከሽማግሌው ፊት ሲደርስ "አካም ጅርታ" ይጀመራል፤ ልጆቹ፣ ከብቶቹ፣ ማሽላው፣ ዝናቡ አንድ በአንድ ይጠየቃሉ፣ ለእያንዳንዳቸው አልሐምዱሊላህ ይባላል። በመጨረሻ "ግባ እናድርስህ" ሲባል ሰውየው የትም አይሄድም፤ የገዛ ማሳው ዳር ነው የቆመው። ነዳጅ ለመቅዳት ግማሽ ቀን እሰለፍና ያንኑ ነዳጅ የኋሊት አቃጥለዋለሁ።

በዚህ ሁሉ ደግነት መካከል ወደ ኋላ የማንልለት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው።

አጎቴ ሮቢት አካባቢ ያርሳል። መኪናዋን ድሮ ከአባቴ ጋር ሆነው ነው የገዟት፤ መንገድ ሊሠራ መጥቶ ከነበረ አንድ ፈረንጅ። ሳጥን የመሰለች፣ የአውሮፓ ሥሪት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ መኪና ናት። ማርሿ አራት ነው፤ ነገር ግን በማርሹ እጀታ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። አራተኛ ገብተሽ ቁልፏን ስትጫኛት ካምቢዮው ጀርባ ላይ የተገጠመ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ይይዝና፣ መኪናዋ በዚያው ፍጥነት እየሄደች ሞተሩ ጩኸቱን ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ፈረንጁ ኦቨርድራይቭ ብሎ ነው ያስረከባቸው። ወንድማማቾቹ "አራት ተኩል" አሏት።

ይህች አራት ተኩል የምታገለግለው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። የእኛን አገር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቢስቅ አልቀየመውም። ወደ ደሴ ዳገት ነው፤ ወደ ባቲ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ለአራት ተኩል የሚሆን ሜዳ ያለን ጨፋ ላይ ነው፤ እሱንም ከብት ያቋርጠዋል። ሁለቱ ጎልማሶች ግን ቁልፏን ሊጫኑ ብለው ብቻ፣ አንዳች ጉዳይ ሳይኖራቸው፣ ከከሚሴ ጨፋ ድረስ ሄደው ይመለሱ ነበር። እናቴ "ጤነኞች አይደሉም፣ ግን ተስማምተው ነው የታመሙት" ትል ነበር።

ጥቂት ዓመታት ይሆናል፤ አጎቴ መኪናዋን ይዞ ባቲ ሰኞ ገበያ ዋለ። ሲመለስ ጨፋ ሜዳ ላይ ቁልፏን ቢጫን፣ ቢጫን፣ አራት ተኩል አልይዝ አለች። ቤት መጥቶ የመኪናዋን መክፈቻ ለአባቴ እያቀበለ "ዱሎምቴ" አለ። አርጅታለች ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ ሲባል ሐዘን አለበት፣ እሱም አዝኖ ነበር ያለው።

አባቴ ሐዘኑን አልሰማም። "እኔ ጋ ስትሆን ደህና፣ አንተ ስትይዛት አረጀች?" አለ። ዳገት ላይ ጫንካት፣ ጠመዝማዛ ላይ ጫንካት፣ ፍየል ጫንክባት አለ። አጎቴ አልነካኋትም ብሎ ማለ። አባቴ አላመነውም። ነገር ነገርን ወለደና የልጅነት ጊደር ሳትቀር ተነሳች፤ ማን ሲጠብቃት ጠፍታ እንደነበረ፣ ማን እንደተገረፈባት። በመጨረሻ አባቴ "ወላሂ ሁለተኛ ሰላም አልልህም" አለ። አጎቴም መልአክ አይደለም፣ "እንዳሻህ" ብሎ፣ በመኪናዋ ያለውን ድርሻ ከነነገሩ ጥሎ በእግሩ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሩ ነው የሚሄደው።

ሽማግሌ ያልገባበት አይምሰላችሁ። መጥተዋል፣ ዱዓ አድርገዋል፣ ጫታቸውን ይዘው ከቀትር እስከ መግሪብ ተቀምጠዋል፣ የእናቴንም ምሳ በልተዋል። አባቴ የሚሉትን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ዝምድና ታላቅ ነገር ነው ሲሉት፣ ነው ይላል። ይቅርታ ከአላህ ዘንድ ነው ሲሉት፣ እንዴታ ይላል። ልክ ለመጨረሻው ዱዓ እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ "ቁልፏን ግን የሰበራት ማን ነው?" ይላቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሽማግሌዎቹ ስለ ካምቢዮ የሚያውቁት የለምና ጋቢያቸውን እያጣፉ ይሄዳሉ።

መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ተውኔት ነበር። አራት ተኩል ከጠፋች ወዲህ መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትፈጥን የምታሰማው ጩኸት ሌላ ነው። አጎቴ ገና ከሩቅ ይሰማትና፣ እኛ ሳንደርስ ከአስፋልቱ ወርዶ ማሽላ ውስጥ ይገባል። አባቴም የዚያን ጊዜ በሌላው መስኮት የቦርከናን ውኃ ማየት ይወዳል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ሁለት ሽበታም ወንድማማቾች፣ አንዱ ማሽላ ውስጥ፣ አንዱ መስኮት ላይ፤ እኔ መሐል ላይ መሪ ይዤ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን ሳለ "ከእናታቸው ልጆች የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው" አለችኝ። "አንዱ ቢሞት ሌላው ቀብሩ ላይ ምን ብሎ ሊቆም ነው? መሐላ አለብኝ ብሎ? ያቺን ዕቃ አሠሪያት። የሰበራት ሰው አለመኖሩ ቢታወቅ ሌላ የሚይዘው ሰበብ የለውም።" በእኛ ቤት ሽምግልና ከከሸፈ ጋራዥ ይሞከራል ማለት ነው። እሺ አልኳት።

ጋራዦቹን ዞርኩ። አንዱ መካኒክ ኮፈኑን ሳይከፍት "ምን ያደርግልሻል? ካምቢዮውን አውርደን ሌላ እንጫን" አለኝ። ሁለተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ካየ በኋላ "የምትነጃት አንቺ ነሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው ምርመራውን ጨርሶ እጁን ታጠበ። ሦስተኛው፣ ዓይን በልቷት ነው አለ። ከዚያ የቆሙ ባጃጆች ሾፌሮች በየተራ መጥተው ጎማዋን እየመቱ አስተያየት ሰጡ፤ ባጃጅ አራት ተኩል ይቅርና አራተኛ ጎማም የለው፣ እነሱ ግን በእርግጠኝነት ነበር የሚናገሩት።

በመጨረሻ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ነው ሱቁ፤ ዛሬ የሚሠራው ስልክ ነው፣ ስሙ ግን ከሬዲዮ ዘመን የቀረ ነው። ትሕትና ያልፈጠረበት ሰው ነው። እጁን ሳያስገባ "በከሚሴ ይህን የሚያገኝ ከእኔ በቀር የለም" ብሎ ነው የጀመረው፤ እንዳጋጣሚ ሆኖ አገኘው። ከዳሽቦርዱ ሥር የክብሪት ቀፎ የምታህል ሣጥን ነቅሎ አወጣ። ቁልፏ ስትጫን ኤሌክትሪኩን ወደ ካምቢዮው የምታሳልፈው ይህች ሪሌ ናት አለ። ክዳኗን ከፈተና በስልኩ ካሜራ አጉልቶ አሳየኝ፤ እግሯን ከሰሌዳው ጋር የያዘው የብየዳ ሊድ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። "ሙቀትና ዕድሜ ነው። ሰው አልነካትም። ማንም ቢነዳት በቀኗ ትሰነጠቅ ነበር" አለ።

ይህን አባባል አስቀርጬ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ደስታዬ ነበር።

በካውያው መልሶ አጣበቃት። ማታውኑ ሠራች፣ በማግስቱ ጭስ ጭስ ሸተተችና ጨርሳ ሞተች። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ደውዬ መለዋወጫ ቢያፈላልግ፣ የጠየቃቸው ሰዎች መኪናዋ ዛሬም ትሄዳለች ወይ ብለው ሳቁበት። ሬዲዮ ጠጋኙ ግን አልተደናገጠም። ሣጥኗን እንዝለላት አለ። ከባትሪው አንድ ሽቦ በፊውዝ አሳልፎ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ወሰደና፣ መሐሉ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመ። የመኪና ማብሪያ አልነበረውምና የገጠመው የቤት ነው፤ መኝታ ቤት በር አጠገብ የሚለጠፈው ነጩ ማብሪያ። ዳሽቦርዱ ላይ በሁለት ብሎን አሰረልኝ። መኪናዋ መኝታ ቤት ያላት መሰለች።

ሲያስረክበኝ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። "ያቺ ሣጥን እያለች ከአራተኛ ስትወጪ ራሷ ታጠፋልሽ ነበር። አሁን የሚያጠፋልሽ የለም፣ ሣጥኗ አንቺ ነሽ። በተለይ ኋላ ማርሽ ከማስገባትሽ በፊት አጥፊ። አራት ተኩሏ በርታ ወደ ኋላ ከሄድሽ ውስጧ ይፈነዳል፣ ያኔ እኔንም እንዳትጠሪኝ።" ይህን የሚለው ለማን እንደሆነ አያውቅም። ከከሚሴ ሮቢት ግማሹን መንገድ የኋሊት ለምትሄድ ሴት ነው።

ሣጥኗን በላስቲክ ጠቅልዬ ለአባቴ ወሰድኩለት። ፊቱ ቁጭ ብዬ ስንጥቁን በስልክ አሳየሁት፣ የሰውየውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ሙቀትና ዕድሜ ነው፣ ሰው አልነካትም። እናቴ በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ ትጠብቃለች። አባቴ ሣጥኗን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ፣ አገላብጦ፣ አሽትቶ ካየ በኋላ "ሙቀት ነው ካለ" አለ፤ "ያሞቃት ማን ነው?"

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔ ተናደድኩ፤ እንባዬ ሁሉ መጣ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲባል የምሰማው ለሌላ ሰው ነበር የሚመስለኝ፣ ለካ ምላጩ ቤታችን ውስጥ ነው። "አባባ፣ እንግዲህ ፀሐይን ክሰሳት" አልኩት። ሣጥኗን ግን አልወረወራትም፤ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

በሮቢት ገበያ ቀን መኪናዋን ልንሞክር ወጣን። አባቴ ገና ሲገባ ነጩን ማብሪያ አየና ሹመት ለራሱ ሰጠ። ማርሹ የእኔ፣ ማብሪያው የእሱ ሆነ። ማስጠንቀቂያውን ነግሬው ስለነበር ሥርዓት አወጣ፤ ሽማግሌ ባየ ቁጥር መጀመሪያ ማብሪያውን ያጠፋል፣ "ጠፍቷል" ይላል፣ ከዚያ "ወደ ኋላ በይ" ይላል። እኔ "ጠፍቷል" ሳልሰማ ኋላ ማርሽ አልነካም። እውነቱን ለመናገር በደንብ ሠራ። ስንሄድ አንድ ሼኽ፣ አንድ እንጨት የተሸከሙ እናት፣ አንድ ደግሞ አባቴ ሌላ ሰው መስሎት ያስቆመን መንገደኛ አግኝተን፣ በሦስቱም ወደ ኋላ ብለን ዕቃችን ደህና ነበረች።

ገበያ ዋልን። ስንመለስ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። ጨፋ ሜዳ ላይ አራተኛ አስገባሁ፣ አባቴ ማብሪያውን ጫነ፣ ሞተሩም ዝም አለ። ያን ዝምታ ረስቼው ነበር። የነፋሱ ድምፅ ይሰማል፣ ወፎቹ ይሰማሉ። አባቴ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መንዙማ ማንጎራጎር ጀመረ፤ ብዙ ጊዜ ሳልሰማው የቆየሁት ዜማ ነበር። አጎቴ ነበር ተቀባዩ።

ያን ቀን ሁላችንም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። መኪናዋ ዝም ስትል ማስጠንቀቂያውም ዝም ማለቱ ነው። ከፊታችን አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ የአስፋልቱን ዳር ይዞ ይሄዳል። ከጀርባው አወቅሁት፤ አረማመዱ የአባቴ ነው፣ ግራ እግሩን ትንሽ ጎተት ያደርጋል። እንደ ወትሮው ማሽላ ውስጥ እንዲገባ ጠበቅሁ። መምጣታችንን አልሰማም። አጠገቡ ስንደርስ ደንግጦ ዘወር አለ፣ ከአባቴም ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። አባቴ የቦርከናን ውኃ ለማየት አልደረሰም። አጎቴ ወደ ዳር ሲሸሽ እግሩ ጠጠሩ ላይ ከዳው፣ ጆንያው ከትከሻው ወደቀ፣ እሱም በአንድ ጉልበቱ መሬት ነካ።

እኔ አልፌ ሄድኩ። በቤታችን ሕግ ለእሱ አይቆምም። እግሬ ግን ከነዳጁ ላይ ተነስቶ ነበር፣ መኪናዋም በራሷ ጊዜ እየቀዘቀዘች መጣች። አባቴ መንዙማውን አቁሟል። ዓይኑን ከጎን መስታወቱ አልነቀለም። አጎቴ እዚያ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ጉልበቱን ያራግፋል።

"መሐላ ያፈረሰ ሰው ከፋራው ምን ነበር?" አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳይዞር።

"አሥር ሚስኪን ማብላት ነው። ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል።"

ትንሽ አሰበ። "እናትሽ አሥር ሰው ማብላት አያቅታትም" አለ። በዚያች ቅጽበት እንኳ ሸክሙን ለማን እንደሚያደርገው ያውቅ ነበር። ከዚያ በማላውቀው፣ በቀጠነ ድምፅ "ወደ ኋላ በይ" አለኝ።

ይህን ቃል ለዚህ ሰው ሲል ለመስማት እናቴ ስንት ምሳ ሠርታለች። "ጠፍቷል" እስኪል አልጠበቅሁም። እሱም "ጠፍቷል" አላለም። ለመንገደኛው ሁሉ የማይረሳትን ማብሪያ ለወንድሙ ረሳት። መኪናዋን አቆምኩና ኋላ ማርሽ ከትቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልተረፈኝም። ከሥራችን አንዳች ነገር ፈነዳ፣ ብረት ከብረት ጋር ተንገጫገጨ፣ መኪናዋ አንዴ ዘላ ቀጥ አለች። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለ። ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ ማብሪያውን አየ፤ እንደበራ ነው። እኔን አየኝ። በሩን ከፍቶ ወረደ።

አጎቴ ጆንያውን እንደገና ተሸክሞ እኛው ዘንድ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ ወንድሙን አላየም፤ ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ሥር ያለውን ዘይት አየ። የቆዩ ሰዎች ናቸው፣ በኩርፊያም ቢሆን መኪና ይቀድማል። ከዚያ ቀና አለና "ማል ታቴ?" አለ። ምን ሆነች ማለቱ ነው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ለአባቴ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ናት።

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ማብሪያው፣ ሥርዓቱ፣ "ጠፍቷል" አለመባሉ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ነው። አባቴ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ሣጥኗ ያለችበት ውስጥ ከተተ።

"ዱሎምቴ" አለ።

አጎቴ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። መጀመሪያ ቁጣ የመጣበት መስሎኝ ፈራሁ። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ የቀረውን ነጭ ማብሪያ ተመለከተ፣ መጠየቅ ይችል ነበር፣ አልጠየቀም።

"እኔም ብዬ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

"ብለሃል" አለ አባቴ።

ሰላምታውን፣ የልጆቹን፣ የከብቶቹንና የማሽላውን ጥያቄ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘለሉት። አባቴ ጆንያውን በአንድ ጫፍ ያዘ፣ አጎቴ በሌላው ጫፍ፤ በመሐላቸው እያወዛወዙ ወደ አጎቴ ቤት በሚወስደው በጠጠሩ መንገድ ገቡ። ሁለቱም ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ድምፃቸው መሰማት የጀመረው ራቅ ካሉ በኋላ ነው፤ አንደኛው ስለ አንዲት ጊደር እያወራ ነበር መሰለኝ።

እኔ ከነመኪናዋ ጨፋ ሜዳ ላይ ቀረሁ። እጄን ሰድጄ ማብሪያውን አጠፋሁ። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ ለእናቴ ደወልኩላትና ለአሥር ሰው ምግብ እንድታስብ ነገርኳት። ያ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ወደ ኋላ ሲያስነዳኝ የኖረ ሰውዬ ግን ልጁን መንገድ ላይ ትቶ ሲሄድ አንዴም ዞር ብሎ አላየም።